ሠላሳ ሰባተኛው ፈተና

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ሰው ፊት እንዳልሳደብ ነው። እዚህ ብሳደብ የሚቀየመኝ የለም።

ዛሬ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የፈተና ውጤት በዓይኔ ሳነብ ዋልኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፈተና! ማሽን በሁለት ደቂቃ ሊያነበው የሚችለውን እኔ ቀኑን ሙሉ የማነበው ቢሮ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች በየአመላችን ስለምንጽፍ ነው። የእኔ ፈተና ሲያልፍ «ኦኬ» ይላል። ባዩሽ ቁጥር ብቻ ታትማለች፤ ዜሮ ደህና፣ አንድ አደጋ። የአለቃችን የዘላለም ፈተና ሲያልፍም ሲወድቅም ምንም አይልም። ጋሽ መልካሙ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሲያልፍላቸው «ተመስገን» ያትማሉ፤ ሲወድቅባቸው «ለበጎ ነው»።

የምንፈትነው ከርነል ነው፤ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ሆኖ ብረቱን የሚያዘውን። ከርነሉ የሚጫነው የክትባት ፍሪጅ ላይ በምንገጥመው ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ቦርዱ የፍሪጁን ሙቀት ይመዘግባል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ይጮኻል፣ ለነርሷ ስልክም መልእክት ይልካል። የመጀመሪያው ከገና በፊት አሊዩ አምባ አካባቢ አንድ ጤና ኬላ ይገጠማል። ቆላ ነው፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ቀጥሎ እዚሁ ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ክሊኒክ አለ። «ለበጎ ነው» የሚል ፈተና ታቅፌ ነው የሰው ልጅ ክትባት ላይ የምፈርደው።

ማታ ለዘላለም ነገርኩት። «በቃ፣ አንድ ወጥ አድርጊዋ፤ ሥልጣኑን ሰጥቼሻለሁ» አለኝ። ሥልጣን ሲሰጥ ለጋስ ነው፤ ሰው ስጠኝ ስለው ግን ስልኩን ያያል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ስብሰባ። ደንቡን በወረቀት አትሜ አደልኩ። የመጀመሪያው መስመር ስንት ፈተና እንደሚመጣ ይናገር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፈተና አንድ መስመር፦ «ኦኬ» ወይም «ኖት ኦኬ»፣ ቁጥሩ፣ ስሙ። ፈተናው በመሣሪያ እጦት መሥራት ካልቻለ መስመሩ «ኦኬ» ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ «ስኪፕ»፣ ማለትም ተዘለለ፣ ይባላል፤ ምክንያቱም ይጻፋል። እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ሌላው ዓለም በዚህ ነው የሚሠራው።

ጋሽ መልካሙ ወረቀቱን አቅርበው አርቀው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼን ማን ነው የሚያነበው?»

«ማሽን ነዋ፣ ጋሼ።»

«እና ማሽኑ ተመስገን ሲሉት አይገባውም?»

ዘላለም ሳቀ፣ ባዩሽም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ከርነል የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ጡረታ ሲወጡ እዚህ እንዲቀጠሩ ዘላለምን የለመንኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ሌላው ሲያሾፍ ቢያግዙኝ ምን ነበረበት?

ሁሉም «እሺ» አሉ። እዚህ አገር «እሺ» ስብሰባ መዝጊያ ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ውርጭ። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል። እስካሁን የቀየረች ባዩሽ ብቻ። ዘላለም «ዛሬ ማታ» ካለ አራተኛ ቀኑ። የእሱንም የጋሽ መልካሙንም ፈተናዎች ራሴ ልቀይር ተቀመጥኩ። ዘጠና አምስት ደርሻለሁ። «ተመስገን»ን ስሰርዝ እጄን ያዝ አድርጎኝ ነበር። ሰረዝኩት። ሻይ እንኳ አልጠጣሁም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ሲታጠን ነው የዋለው። ዓይኔ በጢስ ቀላ፤ ዛሬ ግን ያቃጠለኝ ጢሱ አይደለም።

ሥራው አለቀ፤ ሁሉም ፈተና በአንድ ቋንቋ ይናገራል። ውጤቱን የሚያነብ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ኮሪደሩ ላይ በትልቅ ስክሪን እንዲታይ አደረግሁ። ሁለት ቀለም ብቻ። መስመሩ «ኦኬ» ብሎ ከጀመረ አረንጓዴ፣ «ኖት ኦኬ» ካለ ቀይ። ሦስተኛ ቀለም ሰው ያደናግራል።

ዘላለም ግን የራሱን አከለበት። «ተጠያቂነት ያስፈልጋል» ብሎ በየፈተናው ጎን የሥራውን ባለቤት ስም አስገባ። አራት ሰዓት ላይ ሥራውን የሚደግፉት እንግዶች መጡ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ፦ «ኖት ኦኬ 37፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሙቀት ንባብ መቀጠሉ፣ መልካሙ።»

ችግሩ እውነተኛ ነው። ሶኬቱን ሃያ ጊዜ ነቅለን ብንመልሰው ቦርዱ አንድ ጊዜ ሳይነቃ ይቀራል፤ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቆማል።

ከእንግዶቹ አንዱ «መልካሙ ማነው?» አለ፣ ክፍል ውስጥ ያጠፋ ተማሪ እንደሚፈልግ ሰው።

ጋሽ መልካሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። በስተርጅና ቀይ ለበስኩ።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ እንግዶቹ እስኪወጡ መጥረጋቸውን አላቆሙም። ዘላለምን በዚያች ሰዓት ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ሰው በእንግዳ ፊት! ስክሪኑን የሰቀልኩት እኔ መሆኔም አናደደኝ።

ማታ ሲወጡ የ37ን ቦርድ በፌስታል ይዘው ወጡ። «እቤት አየዋለሁ» አሉ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለአንድ ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ማንም አልነበረም። 37 ላይ ትንሽ ነገር አስተካከልኩ። ስክሪኑ አሁን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው።

በእርግጥ ለ37 የሚሆን መሣሪያ የለንም። መብራት በትክክል የሚያቋርጥ ማሽን ነው የሚያስፈልገው፤ ሶኬት በእጅ መንቀል መሣሪያ አይባልም። ደንቡም ይፈቅዳል። ምክንያቱንም ጽፌያለሁ። ሰኞ ለጋሽ መልካሙ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ።

ጋሽ መልካሙ ሲገቡ ስክሪኑ ፊት ቆሙ። «ተመስገን» አሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«37 አለፈ እንዴ? ማን አስተካከለው?»

«ደህና ሆኗል፣ ጋሼ።»

«እሰይ ልጄ። እኔ ሦስት ሌሊት ስነካካው ነበር፤ ለካ ፈተናው ኖሯል ጥፋቱ።»

ቦርዱን ከፌስታሉ አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ፊታቸው በርቶ ነበር። በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ኮሪደሩ ውስጥ ዘላለምም ባዩሽም ነበሩ፤ እዚያ መሐል እንዴት ይነገራል?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ስክሪኑን ትቼ ጥሬውን ውጤት መስመር በመስመር ከፈትኩ። አሥራ አንድ ስኪፕ! አሥራ አንድ! መቼ ገቡ? የባትሪው ፈተና «መሣሪያ የለም»። የማንቂያ ድምፁ «መሣሪያ የለም»። ድምፅ ለመስማት ምን መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፣ ጆሮ? የሚወድቀውን ሁሉ እየዘለሉ አረንጓዴ ያስመስላሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ውሻው ማን እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ባዩሽ ላይ ጮኽኩባት። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የዘላለም ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ የምታስኬዳቸው ግን እሷ ናት። የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንዳደረገች ሰማችኝ።

«የአለቃዬን ስም ቀይ ላድርገው? በእሱ ፊርማ ነው የምበላው።»

«ታዲያ ዋሽተሽ?»

«እኔ አንቺን አይቼ ነው፣ ታንጉ።»

«እኔ ምክንያት ጽፌያለሁ።»

«እኔም ጽፌያለሁ፤ የአንቺኑ ነው የገለበጥኩት።»

ጥዬያት ወጣሁ። ከኋላዬ ለራሷ ስታወራ ሰማኋት። እሷ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ እስካሁን ከሁለት ልጆቿ ጋር መጠለያው ውስጥ ነው የምትኖረው። «ባለፈው ጊዜ ሰዎች መጥተው ውሃ ይደርሳችኋል ወይ ሲሉን ተመስገን አልን። እንግዳ ፊት ምን ይባላል? እነሱ ደረሳቸው ብለው ጻፉ። ቦቴው ቀረ» ትላለች።

በእሷ ላይ መጮህ አልነበረብኝም። ግን ደግሞ የሠራችው ልክ አይደለም። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ኅዳር 25

አልጠየቅኋትም። ሥራ በዛ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ሁለት ሰዓት ላይ ከጋሽ መልካሙ ጋር ቦርዱን ይዘን ወረድን። አንኮበር ጉም ስለነበር ሾፌሩ በክላክስ ነው የነዳው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ጋሽ መልካሙ መንገዱን ሁሉ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ነበር። ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ ያ 37…» ብዬ ጀመርኩ። ሁለቱንም ጊዜ መኪናው ጉድጓድ ገባ። መኪናው ባይገባም ኖሮ አላውቅም።

የጤና ኬላዋ ነርስ ሲስተር መዲና ትባላለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስታወራ ሥራዋን አታቆምም። ጋሽ መልካሙ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቦርዱን ሲገጥሙ ከፍሪጁ አንድ ጠርሙስ አውጥታ አሳየችኝ።

«ይቺን ክብ ውስጥ ያለችውን ካሬ አየሻት? ነጭ ከሆነች ክትባቱ ደህና ነው። ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች። ክቡን ካከለች እጥለዋለሁ። ሹም ቢመጣ፣ ዘመድ ቢለምነኝ፣ ወላሂ አልሰጥም።»

ካሬዋ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። የእኔ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር የሚናገረውን ያለ መብራት ትናገራለች። ቀናሁባት።

«ታዲያ የናንተው ምን ይጨምርልኛል?» አለች።

ጋሽ መልካሙ ከወለሉ ሆነው መለሱላት። «ካሬዋ ሳትጠቁር ነው የሚነግርሽ። ይጮኻል፤ አንቺ ደግሞ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ጭነሽ አንኮበር ታወጪዋለሽ።»

«እና ካልጮኸ ደህና ነው ብዬ ልተኛ?»

«ተኚ» አሉ ጋሽ መልካሙ።

ወደ እኔ ዞረች። መልሴን የምትጠብቀው ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። «ይተኙ፣ ሲስተር» አልኩ።

ቆላው ላይ ኩፍኝ ገብቷል እየተባለ እንደሚወራ ነገረችን። ክትባቱ ታኅሣሥ 13 በገበያው ቀን ነው፤ እናቶቹ ለገበያ ሲወጡ ሕፃናቱን አዝለው ይመጣሉ። አርባ አንድ ሕፃናት መዝግባለች።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

37ን ልመልሰው ነበር። ፋይሉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዘላለም ግን ለደጋፊዎቹ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም አልፈዋል» ብሎ ጽፏል፣ ለእኔም ግልባጭ አድርጎልኛል፣ በስሜ አመስግኖኛል። አሁን ቀይ ባደርገው ሁላችንንም ውሸታም አደርጋለሁ። ሃያ ጊዜ ተሞክሮ አንድ ጊዜ ነው የሚስተው። ከገና በኋላ፣ በእርጋታ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ሲስተር መዲና ደወለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።

ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ እንደገና ሄደ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ቀረ። ቦርዱ በባትሪ ይሠራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር መጮህ ነበረበት። በመጀመሪያው ሳይነቃ ቀርቶ ሁለት ቀን ሙሉ «4 ዲግሪ» ብሎ ቆሟል። እሷ ተኝታለች። ተኚ ተብላለች።

ካሬዎቹ ጠቁረዋል። ሁሉንም ጣለች።

አርባ አንድ እናቶች በር ላይ። መለሰቻቸው። አንዷ ፋጡማ የምትባል፣ ከታች ከበረሃው ሌሊት ተነሥታ የመጣች፣ የዘጠኝ ወር ልጅ ያዘለች። በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ ክትባት አልደረሰም ተብላ ተመልሳለች። ዛሬ ሦስተኛዋ ነው። «ይቅርታ አልኳት። በዓይኗ ብቻ አየችኝና ወረደች» አለችኝ መዲና። አልጮኸችብኝም። ምናለ በጮኸችብኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ዘላለም ስብሰባ ጠራ። «የሙቀት ድራይቨሩ የማን ነው?» አለ፤ ከርነሉ ውስጥ ቴርሞሜትሩን የሚያነበውን ክፍል ማለቱ ነው።

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ መልካሙ።

«37 ቁጥር ፈተና አልፏል ተብሎ እንዴት ነው…»

«እንጃ። ጥፋቱ ግን የኔ ሥራ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አትፈልግ።»

ውላቸው ከገና በኋላ እንደማይታደስ ደብዳቤ ይጻፍ አለ። «ከባድ ውሳኔ ነው» ምናምን። ባዩሽ ጠረጴዛውን አየች። እኔም ጠረጴዛውን አየሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው እኔን ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ግቢው ውስጥ ጋሽ መልካሙ አስቆሙኝ። የተቆጡ አይመስሉም። ግራ የገባቸው ነው የሚመስሉት።

«አረንጓዴ ሆኖ አየሁትኮ፣ ልጄ። ቀይ ሆኖ ቢቆይ ኖሮ እንቅልፍ አልተኛም ነበር። ሦስት ሌሊት ይዤው ነበር፣ ልደርስበት ትንሽ ነበር የቀረኝ። አረንጓዴ ሆነ። ተውኩት።»

«አይዞዎት ጋሼ» አልኳቸው። ይኸው ነው ያልኩት። ምላሴ ይቆረጥ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ማንም መዝገቡን አልከፈተም! የትኛው መስመር በማን እጅ፣ በየትኛው ቀን እንደተቀየረ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዘላለም ኢንጂነር ነኝ ይላል፤ ለምን አይከፍተውም? ሽማግሌ ማባረር ይቀለዋል። ጋሽ መልካሙስ ያስተማሩት ይህንኑ አይደል? ለምን አይከፍቱትም? ባዩሽ ከፍታለች፣ እርግጠኛ ነኝ፤ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ሰበረች። ይሉኝታዋ ነው። ይሉኝታ ይውደም! አንዱ ይክፈተውና ይገላግለኝ!

ለሁለት ሰዓት ያህል በሰው ሁሉ ተናደድኩ። ከዚያ ራሴ ከፈትኩት።

37። ኅዳር 13። ታንጉ።

ታኅሣሥ 17

እማዬ ከአንኮበር ደወለች። «ደህና ነሽ?» አለች። «ደህና ነኝ» አልኳት። እሷስ? «እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ።» ስታወራ ግን ታስላለች። ሁለታችንም ስኪፕ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

እሑድን ቢሮ ዋልኩ። ፕሮግራሙን ቀየርኩት። የተዘለለ ፈተና ከእንግዲህ አረንጓዴ አይሆንም፤ ቢጫ ነው። ከጎኑ የፈተናው ባለቤት ስም ሳይሆን የዘለለው ሰው ስም ይወጣል፤ ከመዝገቡ በቀጥታ።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። አበራሁት። ሃያ ሦስት ቢጫ። ከላይ የመጀመሪያው፦ «37፣ የዘለለው፦ ታንጉ፣ ኅዳር 13።»

ቀድሞ የተናገረው ዘላለም ነው። «አጥፊው፤ ረቡዕ እንግዳ አለ።»

«አላጠፋም። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አንዱ በአንተ ሥራ ላይ ያለ ነው፣ እንግዶችህ ይዩት። ለጋሽ መልካሙ የጻፍከውን ደብዳቤ ስሙን ቀይረህ ለእኔ ስጠኝ።»

 ባዩሽ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ለኅዳር 24ቱ ጩኸት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይሁን» አለች።

ጋሽ መልካሙ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን አነበቡት። እንደገና አነበቡት። አንድ ቃል እንዲናገሩኝ ጠበቅሁ፤ ስድብም ቢሆን። ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፣ መሳቢያውን ከፈቱ፣ ቦርዱን አወጡ፣ ሥራ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው መጣ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ በስሜ። የጋሽ መልካሙ ተሽሯል። የመጠለያው ክሊኒክ ተከላ ደግሞ ቢጫው እስኪያልቅ እንዲቆይ ተወሰነ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ባዩሽ መብራት በራሱ የሚያቋርጥ ማብሪያ ሠራች፤ አሮጌ የመኪና ሪሌይ ነው፣ ደብረ ሲና ካለ ከምታውቀው መካኒክ ያመጣችው። መሣሪያ የለም ስንል የነበረው ይኸው ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ።

ጋሽ መልካሙ አገኙት። መብራት ሲመለስ ድራይቨሩ ቴርሞሜትሩን ሳይነቃ ይጠይቀዋል፤ መልስ ሲያጣ ስህተት አለ ከማለት የድሮውን ቁጥር ይዞ ዝም ይላል። አሁን አንድ ሺህ ጊዜ ቆርጠን መለስነው። አንድ ሺህ ጊዜ ነቃ።

«ኦኬ 37።» ስኪፕ የለውም። ጋሽ መልካሙ አይተው «እህ» አሉ። ተመስገን ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጥር 4፣ ሰኞ ማታ

ዛሬ የተስተካከለውን ቦርድ ከባዩሽ ጋር ወርደን ገጠምን። መብራቱን እኔው ራሴ ሠላሳ ጊዜ አጥፍቼ መለስኩት፣ ሲስተር መዲና እያየች። አዲሱ ክትባት ደርሷል፣ የገበያው ቀን ነው፣ እናቶቹ መጥተዋል። ጥግ ቆሜ ቆጠርኩ። አርባ።

«አንዷ አልመጣችም» አልኳት።

«ፋጡማ ናት። የሰዓዳ እናት።» መዝገቡ ላይ ስትጽፍ አየኋት፦ አልተከተበችም።

«ምክንያት አይጻፍም?»

«ምን ብዬ? አልተከተበችም፤ በቃ። ሐሙስ ወርጄ እፈልጋታለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ተኩል በእግር። መዲና የበረዶ ሳጥኑን በትከሻዋ፣ እኔ ውሃውን። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ፋጡማ ከቤቷ ደጅ ማሽላ ታበጥራለች። ስታየን ተነሣች፣ ተሳሳምን፣ «ደህና ናችሁ?» «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና።» ጥላ ላይ አስቀመጠችን። ውሃ አቀረበች።

«ሰዓዳስ?» አለች መዲና።

«ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ።»

መዲና ውሃውን አልጠጣችም። ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ሕፃኗ ነጠላ ተሸፍና ተኝታለች። መዲና ነጠላውን ገለጠችው። ፊቷ፣ አንገቷ፣ ደረቷ ሁሉ ቀይ ሽፍታ። ዓይኖቿ አብጠው ተጣብቀዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትላት ፋጡማ ማልቀስ ጀመረች። «ከእሑድ። ደግሞ ልትመልሱኝ ነው ብዬ ነው ያልመጣሁት።»

መዲና የዓይኗን ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ አጠበች፣ ለዓይን የሚሰጠውን የቫይታሚን ጠብታ ሰጠቻት፣ ማጥባት እንዳታቋርጥ ነገረቻት። ከዚያ ሁላችንም ይዘናት ወጣን፤ ዳገቱን ተራ በተራ አዘልናት። የእኔ ተራ ሲደርስ ትኩሳቷ በጋቢው አልፎ ጀርባዬን አቃጠለኝ። አንኮበር ሐኪም ቤት አስገብተናት ነው የመጣሁት።

ታኅሣሥ 13 ተከትባ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር ወይ ብዬ መዲናን ልጠይቃት ነበር። ሳልጠይቃት አየችኝ። «አዎ» አለች።

ጥር 8፣ ዓርብ

ቢሮ ስገባ ጋሽ መልካሙ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት ቢጫ ቀርቷል። ከታኅሣሥ 20 ወዲህ ከሥራ በቀር ያወሩኝ ነገር የለም፤ «ልጄ» ካሉኝም ያኔ ግቢው ውስጥ ነው የመጨረሻው። ዛሬ ግን እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጅቷስ?» አሉ፤ ባዩሽ ነግራቸው ይሆናል። «የዚያች የፋጡማ ልጅ። እንዴት ናት?»

አፌ ላይ «ደህና ናት» መጣ። እምላለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እሳቸውም እሱን ነበር የሚጠብቁት፣ በፊታቸው አየሁት።

«ታማለች፣ ጋሼ። ኩፍኝ ነው። በእኔ ነው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። 

«ዓይኗስ?»

«አላውቅም። ሐኪሙም አላወቀም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አብረን ስክሪኑን ስናይ ቆየን፣ ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡና «በይ ቀጣዩን ቢጫ ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩት።